ጭልፊቶቹ ያልወረዱባት ቦታ

ስለ ራሴ ስናገር ማሳመር ይቀናኛል። ቤተሰቦቼም ያውቁታል፤ "ሰናይት ካወራችልህ ግማሹን ጣለው" ይባባላሉ። ዛሬ የምነግራችሁን ነገር ግን ላሳምረው ብልም አያምርልኝም። እንደሆነው አድርጌ ላውራችሁ፤ እናንተም ታገሡኝ።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር ተምሬ፣ በባዮሎጂ ተመርቄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስጋፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። በመጨረሻ የተገኘልኝ ሥራ ለስድስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ወፍ መቁጠር። እናቴ ስትሰማ ሳቀች። "ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ወፍ ልትቆጥሪ ነው?" አለችኝ። ተናድጄ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ከሁሉ በልጬ ቆጥሬ፣ ሌላ ቋሚ ሥራ እንዲሰጡኝ ለማድረግ ቆርጬ ነው ወደ ቆላ የወረድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ወደ አፍሪካ የመጡ ጭልፊቶችና ንስሮች መጋቢት ላይ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ሲመለሱ በመተማ ቆላ ላይ የሚያልፉ አሉ፤ ስንት እንደሆኑ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከሸሕዲ ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ተራራ አለ። አናቱ ላይ ተቀምጠን ከጠዋት እስከ ማታ የምንቆጥረው እኔና ጋሽ ደሴ ነበርን።

ጋሽ ደሴ ስድሳን ያለፉ የሸሕዲ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማማ ላይ ቆመው፣ ወንጭፍ እያጮሁ፣ የሰው ማሽላ ከግሪሳ ሲጠብቁ ኖረዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዓይናቸው ግን የእኔ የሩቅ ማያ መነጽር የማያየውን ያያል። አሥር ወፍ ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ ኪሳቸው ያዛውራሉ። እኔ በአውራ ጣት የምትጫን መቁጠሪያ ነበረችኝ። ማታ ስናመሳክር የተሳሳተው ብዙ ጊዜ የእኔው ሆኖ ይገኛል፤ ይኼ ደግሞ ያበግነኝ ነበር።

አቆጣጠሩ ዘዴ አለው። ሙቀቱ ከመሬት ሲነሣ ጭልፊቶቹ ይሰበሰቡና እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ያን ጊዜ ከቆጠራችሁ አንዱን ሦስቴ ትቆጥሩታላችሁ። የሚቆጠሩት ከላይ ደርሰው ክንፋቸውን ዘርግተው በሰልፍ ወደ ሰሜን ሲንሸራተቱ ነው። ሰልፉ ሲጀመር ዓይን መንቀል የለም።

ከተራራው ሥር አንድ የሰሊጥ እርሻ ካምፕ ነበር። አሥራ አምስት የሚሆኑ የጉልበት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ከጎጃም የወረዱ፣ በሣር ጎጆዎች ውስጥ ያድራሉ። የደረሱት ለምንጣሮ ነው፤ ለመጪው ዘር ቁጥቋጦውን ቆርጠው ይከምራሉ። ካምፑ ውስጥ ስልክ አይሠራም። እኛ ከምንቀመጥበት ሃምሳ እርምጃ ርቆ ባለ አንድ ቋጥኝ ላይ ግን መስመር አለ። ስለዚህ ሳናስበው የካምፑ ስልክ ሆንን። ጠዋት ስናልፍ አንዱ ስም ከነቁጥሩ ይሰጠኛል። "ለሚስቴ ደህና ነው በያት"፣ "ወንድሜ ገለጉ ከተማ ነው ያለው፣ ጤናውን ጠይቂልኝ" ይሉኛል። የቆጠራ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አናት ስደርስ እደውላለሁ፤ ማታ ስወርድ መልሱን አደርሳለሁ። መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ወፍ ነበር ሕጉ።

ሕጉን ያወጣችው እትዬ ትርንጎ ነች፣ የካምፑ ወጥ ሠሪ። የደብረ ታቦር ሰው ነች፤ ምላሷ ስለት ነው። ጠዋት ጠዋት በፕላስቲክ ጠርሙስ የከርከዴ መጠጥ ሞልታ ትሰጠኝና "ወፍ ቆጣሪዋ፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ባል የሚሆን አጣሽ?" ትለኛለች። እናቴን ስለምትመስለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቅዳሜ የሸሕዲ ገበያ ነው። ሠራተኛው ማልዶ ትራክተሩ ተሳቢ ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ ካምፑ ባዶ ይሆናል። የተመነጠረው ክምር የሚቃጠለውም ለዚህ ሲባል ቅዳሜ ነው። ካቦው ይመር ይባላል፤ የወሎ ሰው፣ ዝምተኛና ጠንቃቃ። የሚያድረው ሸሕዲ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ካምፑን አያየውም፤ ከእርሻው ማዶ፣ ከማሽን ማቆሚያው በኩል ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበርድ ካልሆነ ክብሪት አይጭርም።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ እኔና ጋሽ ደሴ በካምፑ ስናልፍ እትዬ ትርንጎ ከአንድ ጎጆ በራፍ ቆማ ጠበቀችኝ። ጠርሙስ አልያዘችም።

"ገበያ አልሄድሽም እንዴ?" አልኳት።

"ይበልጣልን ወባ ጥሎታል። ሌሊቱን ሲቃዥ ነው ያደረው። ግቢና እይው።"

ገባሁ። ይበልጣል ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ባለትዳር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ሦስት ጋቢ ደርበውለት ይንቀጠቀጣል። "እንዴት አደርክ?" ስለው ዓይኑን ገለጠና መልሶ ጨፈነው።

እትዬ ትርንጎ ወደ ውጭ ስባ አወጣችኝ። "እታለም፣ ዛሬ ጨዋታ የለም። እላይ እንደደረስሽ ለይመር ደውይለት። ይበልጣል ታሟል፣ መራመድ አይችልም፣ እኔም ትቼው አልሄድኩም በይው። ሁለታችንም እዚህ አለን። እሳቱን ዛሬ እንዳይለቅ፣ ሞተር ይላክልን።"

"እሽ።"

"ጻፊው።"

ጻፍኩት።

"እስኪ አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። ራሷን ነቀነቀች። "በይ ሂጂ፣ ፍጠኚ" አለችኝና ወደ በሽተኛው ገባች።

አናት ላይ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ሌላ ቀን በዚያ ሰዓት ሰማዩ ባዶ ነው። ያን ቀን ግን ከደቡብ በኩል ተነሥተው ነበር። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። አንዱ ክምችት ገና ሳይበተን ሌላው ከሥሩ ይወጣል፤ ሰልፉ ራሳችን ላይ ተዘርግቶ ጫፉ አይታይም። ጋሽ ደሴ ኮፍያቸውን አወለቁ። "በተወለድኩ እንዲህ ያለ አላየሁም" አሉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ምሥራቁን ይያዙ፣ እኔ ምዕራቡን እይዛለሁ" አልኳቸው።

"ስልኩስ?"

"ይቺን ሰልፍ ላሳልፍና እደውላለሁ። ይመር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይለኩስ።"

እሳቸው ከድንጋዮቹ ወዲያ አልፈው ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ተቀመጡ። እኔ መቁጠሪያዬን ጨበጥኩ።

እስኪ እውነቱን ልናገር፤ አልረሳሁም። ሰው ሲጠይቀኝ "ረስቼው ነው" ብል ቀላል ነበር፤ ረስቶ ማጥፋት የማንም ነው። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ትዝ ብሎኛል። ሦስት ሰዓት ላይ "ይቺ ሰልፍ ትለቅ" አልኩ። አራት ሰዓት ላይ ቋጥኙን ዞር ብዬ አየሁትና "ሃምሳ እርምጃ ሄጄ እስክመለስ ስንት ያመልጠኛል?" አልኩ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደብተሬን ስገልጥ ጽሑፉን ራሱን አየሁት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ገጹን ገለበጥኩት። እስካሁን እዚህ አካባቢ ማንም ያልቆጠረውን ቁጥር እየቆጠርኩ ነበር። ስሜ ከዚያ ቁጥር ጋር አብሮ ሲጻፍ ታየኝ። ነገር ዓለሙን ትቼ እሱን ብቻ አየሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሰልፉ ተበላሸ። በቀጥታ ሲሄዱ የነበሩት ወደ ምዕራብ እየታጠፉ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። አቆጣጠሬን ስላመሰቃቀሉብኝ ተናደድኩ። መነጽሬን ዝቅ ሳደርግ ከእርሻው ማዶ ጭስ ተነሥቷል።

እሳት ሲነሣ አንበጣና አይጥ ከሣሩ ይወጣሉ፤ ጭልፊት ያንን ያውቃል። የእሳቱ ግንባር ፊት ለፊት እየወረዱ ይነጥቃሉ። እኔ ቂል ይኼንንም ልመዘግብ ብዕሬን አነሣሁ። የእሳቱ ቦታ ከካምፑ ሩቅ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ደሴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ከጭሱ ይልቅ ወፎቹን ይከታተሉ ነበር።

"ሰናይት፣ ያቺን ከዛፉ በስተግራ ያለችውን ቦታ እያት።"

"ምን አለ?"

"ዳር እስከ ዳር ይወርዳሉ፤ እዚያች ላይ ሲደርሱ ግን ይመለሳሉ። የአገሩ ጭላት ቢሆን ሰው አይፈራም፤ ከእጅሽ ሥጋ ይነጥቃል። መንገደኛው ግን ሰው ካየ አይወርድም።" ዞረው ፊቴን አዩኝ። "እዚያ ሰው አለ። ደውለሻል አይደል?"

ቋጥኙ ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ስልኩን ስከፍት መስመሩ ሙሉ ነበር፣ ወዲያው ጠራ።

"ይመር፣ ካምፑ ውስጥ ሰው አለ።"

"ምን ሰው? ሁሉም ገበያ ነው።"

"ትርንጎና ይበልጣል። ታሞ ነው፣ አልሄዱም።"

ከጀርባው የእሳቱ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እስክትደውዪ እኮ ነው የጠበቅኩት" አለኝ። "ሰው ቢቀር ሰናይት ትደውላለች ብዬ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ነፋስም አልነበረ፣ ቶሎ ልጨርስ ብዬ ለኮስኩት።" ስልኩ ተዘጋ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይመር ለእኔ አንድም ቀን "ሰው ካለ ደውይልኝ" ብሎኝ አያውቅም። ባለፉት ሳምንታት ግን አንድ ሰው ገበያ ሳይሄድ ሲቀር እኔ ደውዬ ነግሬው ነበር፤ በዚያው ልማድ ሆነ። ዝምታዬን "ካምፑ ባዶ ነው" ብሎ ተረጎመው። በምን ይፈረድበታል?

ሽቅብ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ተራራ ቁልቁል በግማሽ ሰዓት ወረድነው። ሁለት ጊዜ ወድቄ ጉልበቴ ተልጧል፣ አልታወቀኝም። ነፋስ አልነበረም የተባለው ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ሥር ስንደርስ ጭሱ ፀሐይዋን ሸፍኗታል፤ በእኛና በካምፑ መካከል ካለው ረጅም ደረቅ ሣር ማዶ እሳቱ ወደ እኛ ይመጣል። ዝም ብዬ ልገባበት ስል ጋሽ ደሴ ክንዴን ያዙኝ።

"ቁሚ። እሳት ሮጠሽ አታልፊውም።"

"ይቃጠላሉ እኮ ጋሼ።"

"ቁሚ አልኩ።"

ከኪሳቸው ክብሪት አወጡ። ጎንበስ ብለው ፊታችን ያለውን ሣር ለኮሱት። ያበዱ መሰለኝ። ያቀጣጠሉት እሳት በትልቁ እሳት እየተሳበ ከእኛ ራቀና ከመጣው ጋር ተገናኘ፤ የሚበላው አጥቶ ወደቀ። ጥቁር መንገድ ተከፈተልን። "አሁን ሂጂ፣ እግርሽን እያነሣሽ" አሉኝ። የጫማዬ ሶል እየቀለጠ ነበር የሄድነው።

ካምፑ አልነበረም። ጎጆዎቹ ወድቀው ይጤሳሉ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ትራክተር የሚዞርበት የታረሰ ባዶ መሬት አለ፤ እትዬ ትርንጎ እዚያ ነበረች። ይበልጣልን ጆንያ ላይ አድርጋ ጎትታ አምጥታዋለች፣ የበርሜሉን ውኃ በሁለቱም ላይ ደፍታዋለች። ልትጎትተው ስትል የጎጆው ጣሪያ ወርዶበት ኖሮ በባዶ እጇ ነበር ያነሣችለት። እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ ተቀምጣለች፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘች ሁሉ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ሞተሩ መጣ?" አለችኝ።

አለቀስኩ። ወዲያው አንድ ትራክተር ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ይመር ማረሻውን መሬት ውስጥ ጥሎ እሳቱን እየቆረጠ ነው የመጣው፤ ቅንድቡ ተለብልቧል። ማረሻውን ፈትቶ ባዶው መሬት ላይ የቆመ ተሳቢ ቀጠለ። ይበልጣልን አቅፎ ተሳቢው ላይ አስተኛው፤ እትዬ ትርንጎን እኔና ጋሽ ደሴ ደገፍናት፤ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ደረስን።

አሁን የምነግራችሁ ከዚያ ሁሉ የባሰውን ነው።

በማግስቱ እሑድ እትዬ ትርንጎ ዘንድ ገባሁ። ሁለት እጆቿ እስከ ክርን ተጠቅልለዋል። ነርሷ እስክትወጣ ጠበቀችና "ደወልሽለት?" አለችኝ።

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "ስሞክር ነበር እትዬ፤ መስመሩ እምቢ አለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ነው የገባልኝ" አልኳት።

"እኔም እንዲያ ነው ያልኩት" አለች። "ሰናይት ሳትሞክር አትቀርም አልኩ።" ከዚያ በተጠቀለለው እጇ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። የተቃጠለችው እሷ፣ የምታጽናናው እኔን።

ይበልጣል ሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ጭሱ ይሁን ወባው በትክክል የሚናገር አልተገኘም። አገሩ ሩቅ ስለሆነ ሸሕዲ ተቀበረ። ታላቅ ወንድሙ አንማው ከሌላ እርሻ በእግሩ ተጉዞ ለቀብሩ ደረሰ፤ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው። ይመር ታስሯል። "ስልክ ስጠብቅ ነበር" ቢል የሚሰማው የለም። የጎጃም ልጆች "ሰው መኖሩን ሳያይ እሳት የለቀቀ ነፍሰ ገዳይ ነው" ይላሉ። እሱ አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም፤ ሲፈታ ምን እንደሚጠብቀው ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንማውም ሲጠየቅ መልስ አይሰጥም ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ ደሴ ሸሕዲ ወደተከራየሁበት ክፍል መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"ቋጥኙ ላይ ከስድስት ሰዓት በፊት ስትወጪ አላየሁሽም" አሉኝ።

"እርስዎ ፊትዎን ወደ ምሥራቅ አዙረው ነበር እኮ።"

"አዙሬ ነበር። ጆሮዬን ግን አላዞርኩም። ስትደውዪ ትጮኺያለሽ፤ ያን ቀን አልጮኽሽም።" ከዘራቸውን አስተካከሉ። "እኔ አልናገርብሽም። ልጄ ትሆኛለሽ። ግን ይመርም ልጆች አሉት፤ አንማውም እጁን ደም ከነካው ወደ አገሩ አይመለስም። ያንቺ ዝምታ ስንት ሰው እንደሚበላ አንቺው አስቢው።"

ዞረው ሄዱ። ያን ቀን ሙሉ ሻንጣዬን ሳዘጋጅና መልሼ ስፈታ ዋልኩ። ጎንደር ብሄድ ማንም አያገኘኝም። ፈራሁ፤ ከምንም በላይ የፈራሁት ደግሞ እትዬ ትርንጎ ስትሰማ ነው።

ረቡዕ ሣልስቱ ነበር። ከአንድ ነጋዴ ግቢ ድንኳን ተጥሎ ሠራተኞቹ ተቀምጠዋል። እትዬ ትርንጎም ከጤና ጣቢያ ለምና ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋለች። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ስለ ሟቹ ጥቂት ተናግረው ሲጨርሱ ተነሣሁ። ሴት ሆኜ፣ በዚያ ላይ እንግዳ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ይመር ምንም አያውቅም ነበር" አልኩ። "እትዬ ትርንጎ ጠዋት መልእክት ሰጥታኛለች። ሰው አለ፣ እሳት አትልቀቅ ብለሽ ንገሪው ብላኛለች። ጽፌዋለሁ። መስመር ነበር። አልደወልኩም።"

ሽማግሌው "ለምን ልጄ?" አሉኝ።

"ወፍ እየቆጠርኩ ነበር።"

እትዬ ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንማው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ፊቴ መጥቶ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም እወድ ነበር።

"ስንት ሆኑ?" አለኝ።

"ምን?"

"ወፎቹ። ስንት ሆኑ?"

ነገርኩት። ቁጥሩን ለራሱ ደገመው። "አገራቸው ደርሰው ይሆናል" አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ አለቀሰ። ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ሲያለቅስ የታየው ያኔ ነው ብለው በኋላ ነገሩኝ።

እኔ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ፤ ጥቂት ቀን ቆይቼ በዋስ ወጣሁ። ይመር ተፈታ። ሽማግሌዎች እሱንና አንማውን አስታረቋቸው፤ አንማው ለእኔም እጁን ሰጠኝ፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። የቆጠራውን ወረቀት ለአሠሪዎቼ ልኬ ነበር። ያን ቅዳሜ በተመለከተ "እጅግ ጥሩ ቀን" ብለው መለሱልኝ። ቋሚ ሥራም እንዳለ ነገሩኝ። አልተቀበልኩትም፤ አሁን ጎንደር አስተምራለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት "እኔ ብሆን እደውል ነበር" ትሉ ይሆናል። እንዲያ ያድርግላችሁ። እኔም ሌላ ሰው አውርቶልኝ ብሰማ እንዲያ ነበር የምለው። ክፉ ሰው አልነበርኩም፤ እትዬ ትርንጎን እወዳት ነበር፤ ቂምም፣ ጥላቻም አልነበረኝም። ነበረኝ የምለው አንድ ደስ የሚል ሥራ ብቻ ነው፤ በዚያ ሥራ ጎበዝ መባል ፈለግሁ፤ ሃምሳ እርምጃ ከበደኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ስንት ዓመት ለፋሁ፣ አጣሁ። አሁን ሰው አንድ ነገር አድርሺልኝ ካለኝ እጄ ላይ ያለውን ሳልጨርስ እነሣለሁ። ባለቤቴ ይሰለቻል፤ ተማሪዎቼም ይስቁብኛል። ይሳቁ። ግን ይህ ይበልጣልን አያስነሣውም፤ ስለዚህ ተምሬበታለሁ ብዬ አልመጻደቅባችሁም።

ባለፈው ዓመት ሸሕዲ ሄጄ ነበር። እትዬ ትርንጎ ጣቶቿ ስለማይታጠፉ ወጥ መሥራት ትታ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ታፈላለች፤ ፔርሙሱን በሁለት መዳፏ አቅፋ ነው የምትቀዳው። ስታየኝ ስማኝ፣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ሻይ ሰጠችኝ፣ ባል ማግባቴን ሰምታ ተረበችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ስጠይቃት በክርኗ ደግፋ አነሣችኝ።

"ይቅር ካልኩሽ ቆየሁ" አለችኝ። "ከልቤ ነው፣ እመኚኝ።"

ልቤ ቅልል አለኝ። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ትንሿ ልጇ ጎንደር እንደምትሠራ ስላወራችኝ፣ "ለልጅሽ የምትልኪው መልእክት ካለ ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ አደርሳለሁ" አልኳት።

ፈገግታዋ ሳይጠፋ ራሷን ነቀነቀች። "አይ፣ ካንቺ ጋር መልእክት አልልክም" አለችኝ።

ተነሥታ ወደ ሚኒባሱ ረዳት ሄደች፤ እኔው ወደምሳፈርበት ሚኒባስ። ለልጇ የምትለውን ነገረችው፤ ስሟን ከነስልክ ቁጥሯ አስጻፈችው፤ ከዚያ አስነበበችው።